ትልቁ ካሜራ፣ ትንሹ ካሜራ እና አባቴ

ትናንት ከምሳ በኋላ የፎቶ ቤታችን ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ዓለም ተገልብጣ አየኋት።

ወለሉ ከላይ፣ ኮርኒሱ ከታች ነበር። ሰዎች በጫማቸው ወለሉ ላይ ተንጠልጥለው እንደ ወትሯቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የማንም ኮፍያ አልወደቀም፤ የማንም ፀጉር አልተንዘረፈፈም። ወደ ካሜራ የሚገባ ምስል ሁሉ ተገልብጦ እንደሚገባ ስለማውቅ እኔም ብዙ አልደነገጥኩም። የጫማዬን ክር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና እንደ ሰዉ ተንጠለጠልኩ።

ባንኮኒው ጋ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ፎቶዎች ናቸው፤ ሰዎቻቸውን ሊረከቡ መጥተዋል። ፎቶ የሚያስተካክልልን የሥራ ባልደረባዬ ሙሂዲን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ሰዎችን ከፖስታ እያወጣ ያስረክባል።

አንድ ትልቅ የሠርግ ፎቶ በፍሬሙ ባንኮኒውን አንኳኳ።

«ሙሽሮቼ ደርሰዋል?»

«ነገ ይምጡ» አለው ሙሂዲን።

«ባለፈውም ነገ ብለኸኝ ነበር እኮ!»

«ሙሽራው ገና አልደረቀም። አሁን ቢነኩት ይላቀቃል።»

ቀጥሎ የተሰለፈው የክርስትና ፎቶ ነበር። ሙሂዲን ከፖስታው ውስጥ አንድ ራሰ በራ ጎልማሳ አውጥቶ ሰጠው። ፎቶው ሰውዬውን ከፊትም ከኋላም አይቶ መለሰለት።

«ይኼ የኔ አይደለም። የኔ ጥርስ የለውም።»

«አድጎ ነው።»

«ማን እደግ አለው?»

ጎልማሳው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ተገልብጠን ስለነበር አንገቱን ሲደፋ ወደ ሰማይ ቀና ያለ መሰለ።

እኔ የተኛሁበት ሶፋ ላይ ሁለት ካሜራዎች እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። አወቅኳቸው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ባየልኝ ከሁለት አንዱን ሊገዛ ስለፈለገ አንድ የካሜራ ነጋዴ ለሙከራ ያዋሰው ናቸው። ሁለቱም መስታወት አልባ የሚባሉት፣ ለባለሙያ የተሠሩ አዳዲስ ካሜራዎች ናቸው። የሚለያዩት ሆዳቸው ውስጥ ባለው ሴንሰር ነው። ብርሃን የሚያርፍባት ያቺ ገበታ በትልቁ ሰፊ ናት፣ በትንሹ ጠባብ። ጋሽ ባየልኝ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አወዳድሪና የቱ እንደሚሻል ንገሪኝ» ብሎኝ ነበር።

አሁን ግን እነሱ ናቸው እኔንና ሙሂዲንን የሚያወዳድሩት።

«እቺኛዋ ቀላል ናት» አለ ትንሹ፣ በሌንሱ ወደኔ እያመለከተ። «ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ብትውል አትከብድም።»

«ድምፅዋስ?» አለ ትልቁ። የሱ ድምፅ ወፍራም ነበር።

«ድምፅ የላትም። ሳይለንት ላይ ናት።»

«ልጁስ?»

«እሱ ባትሪ ይበላል። ብዙ ያወራል።»

ሙሂዲን ሊመልስለት አፉን ሲከፍት የሠርጉ ፎቶ «ሥራህን ሥራ!» ብሎ ጮኸበት።

«እሷ ጨለማ ላይ እንዴት ናት?» አለ ትልቁ።

መጋረጃውን ዘግተው ዓይኔን አስከፈቱኝና አጎንብሰው ተመለከቱ።

«አሸዋ አለባት» አለ ትንሹ፣ ጨለማ ላይ የተነሳ ፎቶ የሚያወጣውን ቅንጣት ማለቱ ነው።

«አሸዋ አይደለም፣ እንባ ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ለኛ ያው ነው።»

«እስኪ ዳር ላይ አስቀምጧት» አለ ትልቁ ካሜራ። «የማንም ማንነት የሚታወቀው ዳር ላይ ሲሆን ነው።»

ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ፤ የነገርኩት ደግሞ ለአባቴ።

ካሜራዎቹ የመጡ ሰሞን ቤት ወስጄ ነበር የሞከርኳቸው። አባቴ ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የደሴን የውሃ መስመር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ካሜራ ሲያይ ለሚንጠባጠብ ቧንቧ የተጠራ ይመስል ዘወር ይላል። «ፎቶ አይደለም አባዬ፣ ሥራ ነው» ስለው ግን እሺ አለኝ። ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ካሜራውን ወደሱ አላዞርኩም። ሌንስ የሚፈተነው ዳር ዳሩ ላይ ስለሆነ እሱን ጠርዝ ላይ አድርጌ መሀሉን ለባዶው ግድግዳ ተውኩለት። «እንዳትነቃነቅ» አልኩት። በትልቁ ካሜራ አነሳሁ። ከዚያው ቦታ ያንኑ ሌንስ ለትንሹ ገጥሜ ደግሜ አነሳሁ።

ጠባብ ሴንሰር ዳር ዳሩን ይቆርጣል። በትልቁ ላይ አባቴ ከነቡናማ ሹራቡ ሙሉውን ገብቷል። በትንሹ ላይ ያሉት ግድግዳው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ መደገፊያው ላይም ያረፈች አንዲት እጁ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ እንደዚያ ጥርት ብሎ ስለወጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ሞተ። ሐዘን ተቀምጠን ሳለ ትልቁ ካሜራ ሌላ ፎቶ ቤት ሊሞክረው ተራው ደርሶ ሄዶ ነበር፤ ፎቶ የሚቀመጥበት ካርዱም ባዶ ተደርጎ ነው የሄደው። ለአርባው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ሲፈለግ ከመታወቂያው ላይ ካለችው ጉርድ በቀር ምንም አልተገኘም።

ይህን ሁሉ በሕልሜም አውቀው ነበር። የማላውቀው ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ነው። ሁሉም ፎቶ የየራሱን ሰው ይዞ ሲሄድ እሱ ብቻ ቀረ። እናቴ ለአርባው የገዛችው ፍሬም ነበር። ጠርዙ ወርቃማ፣ ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረለት፣ መሀሉ ባዶ።

«አባትሽን ልረከብ ነው ልጄ» አለኝ። «ሰዉን ሁሉ አሳለፍኩት። እኔን ምን ያስቸኩለኛል።»

ሙሂዲን ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። የሁሉም ሆድ ባዶ ነበር።

«እዚህ የሉም» አለ። «ካሜራ ውስጥ ቀርተው ይሆናል።»

«የትኛው ውስጥ?»

ሁለቱ ካሜራዎች ተያዩ። ከዚያ ትንሹ ሌንሱን ፈትቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና «ግቢና እይ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ውስጡ የኛ ሳሎን ነበር። ያው ከሰዓት፣ በመስኮቱ የሚገባው ያው ብርሃን፣ ግድግዳው ላይ ያቺው የዝናብ ውሃ የተዋት ነጠብጣብ። የሶፋው መደገፊያ ከግራ በኩል ብቅ ብሏል፤ በላዩ የአባቴ እጅ አርፋለች። ድሮ የቧንቧ መፍቻ ያጣመመበት አመልካች ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ አጎንብሷል። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ተቆርጧል። በቆራጣው ጠርዝ ላይ አንድ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«ዓለም እዚህ ጋ ታልቃለች እህቴ» አለኝ። «ተመለሽ።»

«አባቴ እዚያ ማዶ ነው።»

«እጁ የኛ ናት። ሌላው አካላቸው ከኛ ክልል ውጪ ነው።»

ከማዶ ሳል ተሰማኝ። የማውቀው ሳል ነው፤ ሁለቴ ስሎ ጉሮሮውን የሚጠርገው።

«ምንታምር? ጨረስሽ?»

«አባዬ! ወዲህ ጠጋ በል!»

«እንዳትነቃነቅ አላልሽኝም?»

«አሁን ተነቃነቅ። ፈቅጄልሃለሁ።»

«ተይ፣ ሥራሽን አላበላሽም።»

«አባዬ፣ ሙከራው እኮ አልቋል።»

«እግሬ ትንሽ ደንዝዟል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩ። ተረጋግተሽ ጨርሺ። የቱ ተሻለ?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«አትቸኩይ። ሰውዬው አምኖሽ ነው የጠየቀሽ፤ ደህና ዕቃ አስገዢው።»

እጁን ያዝኩት። ሞቃት ነበር። ወደኔ ስስበው ከእጅጌው በላይ አልመጣልኝም። ዘበኛው በዱላው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ጉልበት አያወጣውም» አለ። «ሰፊ ቦታ የምትፈልጊ ከሆነ እዚያኛው ጋ ሂጂ።»

ወጣሁና ወደ ትልቁ ካሜራ ገባሁ።

እዚያ ዳር የሚባል ነገር አልነበረም። ነጭና ሰፊ ሜዳ ነው፤ ጥላ የለም፣ ዕቃ የለም። ሦስት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው ሜዳውን ይጠርጋሉ። አቧራ እንኳ አይነሳም።

«ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው አላያችሁም?» አልኳቸው። «ቡናማ ሹራብ የለበሰ።»

«እዚህ ሁሉም ተጠርጓል እቴ» አለች አንደኛዋ።

«የት ደፋችሁት?»

«እኛ ምን እናውቃለን? ባዶ አድርጉ አሉን፣ ባዶ አደረግን።» መጥረጊያዋን አቆመችና ዙሪያውን በኩራት አየች። «ቤቱ ግን ሰፊ ነው። ደስ አይልም?»

የትልቁ ካሜራ ድምፅ ከበላያችን መጣ። አሁን ወፍራም አልነበረም።

«ይዤው ነበር» አለኝ። «የሹራቡን ክር፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን አንዲት ነጭ ፀጉር ሳይቀር ይዤ ነበር። ሲያይሽ ነበር እኮ። አንቺ ጠርዙን ስታዪ እሱ አንቺን ነበር የሚያየው።»

ተመልሼ ወደ ትንሹ ሮጥኩ።

እጁ መደገፊያው ላይ እንዳለች ናት። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ካሜራ ሲጠብብህ ወደ ኋላ ትሄዳለህ፤ ይህን ለሠርግ የምንቀጥረውን ልጅ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። ትንሹን ካሜራ ዓይኔ ላይ አድርጌ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ቆራጣው ሸሸ። የሹራቡ እጅጌ መጣ። አንድ ጨመርኩ። ትከሻው መጣ። ዘበኛው እየተገፋ «ምን ማድረግሽ ነው?» ይላል። ጉልበቱ መጣ፤ ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ ፊቱ።

«አባዬ ታየህልኝ!»

«ታየሁ?»

«ሙሉህን!»

ግን ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ እያነሰ ነበር። በደንብ መሀል እንዲገባልኝ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ እሱም አነሰ። ጀርባዬ የሳሎኑን ግድግዳ አልፎ ጓዳ ገባ፣ ጓዳውን አልፎ ግቢ ወጣ፣ ከግቢው ወደ መንገድ። የጎረቤት ልብስ ማስጫ ራሴን ነካኝ። አባቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ የአውራ ጣቴን ጥፍር አከለ።

«ምንታምር፣ ለምን ትርቂያለሽ?»

«ሙሉህን እንድትታይልኝ ነው አባዬ!»

«እኔ ግን አልታየሽኝም እኮ።»

«አንዴ ብቻ! አንዴ ወደዚህ እየኝ!»

ቀና አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌንሱን ፊት ለፊት አየው፤ የአፉ ጥግ ፈገግ ሊል ጀመረ፤ ጣቴን መጫኛው ላይ አሳረፍኩ፤

«ምንታምር! ምንታምር ተነሺ!»

ሙሂዲን ነበር። ወለሉ ከታች፣ ኮርኒሱ ከላይ ሆኗል። እናቴ በጥቁር ልብሷ ባንኮኒው ጋ ቆማለች። ፍሬሙን በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር።

«እትዬ የሺን ለምን ታስቆሚያለሽ? የአባትሽ ፎቶ ደርሷል እኮ» አለኝና ስክሪኑን ወደኛ አዞረው።

ሙሂዲን የአቅሙን ሁሉ አድርጓል። ፊቱን ከመታወቂያው ጉርድ ላይ አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ ጥቁር ሱፍ አልብሶታል። ክራባት አስሮለታል። ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ አለ። ሁለት ለስላሳ እጆች ጉልበቱ ላይ ተነባብረዋል።

እናቴ ብዙ አየችው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ለፋህ» አለችው። ከዚያ ጣቷ ቀስ ብሎ ወደ እጆቹ ወረደ። «እጁ የማን ነው?»

«የሱፉ ነው እትዬ» አለ ሙሂዲን። «ሱፉ ከነእጁ ነው የሚመጣው። ሁሉም ይኼንኑ ነው የሚለብሱት። ጋሽ እንድሪስም፣ የፖስታ ቤቱ ጋሽ ወልዴም ይኼንኑ ለብሰው ነው የተለቀሰላቸው። ጥሩ ሱፍ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች እናቴ። «እጁ ግን የሱ አይደለም።»

ሙሂዲን እኔን አየኝ። ተነሳሁና መደርደሪያው ላይ የቀረውን ትንሹን ካሜራ አወረድኩ። ከፍቼ ፈለግኩና ምስሉን አሳደግኩላት። ግድግዳው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ያቺ ጣት።

ስክሪኑ ላይ አቧራ አልነበረም፤ እናቴ ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይኼን አድርጉልኝ» አለች።

«እትዬ፣ ፊት እኮ የለውም» አለ ሙሂዲን። «ሰው ምን ይላል?»

«ፊቱንማ ሁሉም ያውቀዋል።»

ፍሬሙን ከፌስታሉ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሙሂዲን ሱፉን ዘጋው።

ይኼን ጊዜ ጋሽ ባየልኝ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከበሩ ገባ። እናቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ነጋዴው ደውሎብኝ ነው» አለኝ። «ዛሬ ካልወሰናችሁ ይላል። ታዲያ የቱን ልበለው?»

«ትንሹን» አልኩት።

«ትልቁ ይሻላል ብለሽኝ አልነበር?»

«ይሻላል» አልኩት።