የሊሲያቴ አቀባበል ዐቢይ ኮሚቴ

ስለ ሊሲያቴ ትከሻና ጉልበት ብዙ ሰው ብዙ ብሏል። እኔ ግን የቶንጋዋ መንደራችን የአቀባበል ዐቢይ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩና፣ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረው ዝንፍ ሳልል እመሰክራለሁ።

ሊሲያቴ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ተወልዶ ኦክላንድ ያደገ የኛው መንደር ልጅ ነው። አባቱ ከዚህ ሄዶ ሠላሳ ዓመት ሥጋ ፋብሪካ ሲሠራ ኖረ፤ ሲሞት አስከሬኑ መጥቶ እዚሁ ተቀበረ። ልጁ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲድኒ ውስጥ ላለ የራግቢ ሊግ ክለብ ፈረመ። ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲሮጥ፣ ሊጥለው የተንጠለጠለበትን ሰው ሁሉ እንደ ሻንጣ ይዞት ይሄዳል። ኒውዚላንድም ይህን አይታ የብሔራዊ ቡድኗን ጥቁር ማሊያ አለበሰችው።

በዚያ ማሊያ ከቶንጋ ጋር ተጫውቶ ሁለት ጊዜ ያስቆጠረ ዕለት፣ የመንደራችን ሸንጎ በአስቸኳይ ተሰብስቦ “ሊሲያቴ የተባለው ግለሰብ ከመንደራችን ጋር ዝምድና የለውም” ሲል ወሰነ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሊሲያቴ “ከእንግዲህ ለአባቴ አገር ነው የምጫወተው” ብሎ ጥቁሩን ማሊያ መለሰ። ዜናው በሬዲዮ በተነገረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ። ሸንጎ አይሳሳትም፤ ስለዚህ የቀድሞው ውሳኔ የጽሕፈት ግድፈት ሆኖ ተገኘ። “የለውም” የሚለው “አለው” ተብሎ እንዲነበብ ታዘዘ፤ እኔም በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቅሁ። በዚያው ሳምንት የሊሲያቴ ዘመዶች ቁጥር ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ደረሰ። የመንደሩ ነዋሪ ሁለት መቶ ዘጠና ነው።

እውነተኛ ዘመዱ የአባቱ እህት እትዬ ሴይኒ ናቸው። በኛ ዘንድ ከአባት እህት በላይ የሚከበር ስለሌለ፣ ኮሚቴው ድምፅ የሌላቸው የክብር አባል አደረጋቸው።

“ልጁ ቅዳሜ ጨዋታ አለው” አሉ እትዬ ሴይኒ በስብሰባው ላይ። “ሐሙስ ይምጣ፣ አባቱ መቃብር ጋ ትንሽ ይቀመጥ፣ አንድ ሰሃን ይብላና ይተኛ።”

ሰብሳቢያችን የመንደሩ ሹም ፔኒሲማኒ መነጽራቸውን አስተካከሉ። “መተኛት በመርሐ ግብሩ የለም፣ እትዬ።”

“መቃብሩስ?”

“ሃያ አራተኛ ተራ ላይ ነበር። ጊዜ ስለጠበበ ለሚቀጥለው ጉብኝት ተላልፏል።”

“የሚቀጥለው መቼ ነው?”

“በመጣ ጊዜ።”

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሊሲያቴ ገብቶ፣ ለክብር እንደ ወጋችን ወገቡን በምንጣፍ ታጥቆ፣ እግሩን አጣጥፎ ባላባቶቹ ፊት ተቀመጠ። ሹሙ ስለ አጭር ንግግር ጥቅም ሁለት ሰዓት ተናገሩ። ቀጥሎ ሦስት ቀሳውስት በየተራ ስለ ጉልበቱ ጸለዩ። ጉልበቱ ያን ጊዜ ከታጠፈ አራተኛ ሰዓቱን ይዟል።

ሊሲያቴ ወደ እኔ ጠጋ አለና “ጸሐፊ፣ እግሬን ልዘርጋ?” አለኝ በሹክሹክታ።

“ባላባት ፊት? ነውር ነው።”

“አይሰማኝም እኮ።”

ልጁ ንግግር መስማቱን እንዲህ መውደዱ አስደስቶኝ፣ የድምፅ ማጉያው ከፍ እንዲል አዘዝኩ።

ከዚያ ምግቡ መጣ። እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ የተጠበሰ አሳማ አቅርቦ ነበርና፣ የአንዱን ቀምሶ የሌላውን መዝለል መንደር መከፋፈል ይሆናል። ሊሲያቴ ማንንም ማሳዘን የማይችል ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለቱንም ቀመሰ። በመጨረሻ ሹሙ “የመንደራችን ዐለት፣ ተነሥ” ብለው ጠሩት። ዐለቱ ተነሣ፤ እግሮቹ ግን ለመነሣት አልተስማሙም ነበር። ሃያ ሁለተኛው አሳማ ላይ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሦስት አውስትራሊያውያን ተረባርበው ያልጣሉትን ሰው፣ ዐቢይ ኮሚቴው አስቀምጦ ጣለው።

ሐኪሙ አይቶት “ቢያንስ ሁለት ሳምንት” አለ። ሊሲያቴ ለአሠልጣኙ ስልክ ደውሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ነገረውና ዘጋ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ሴይኒ ጀርባውን አሻሹለት። ሹሙ እኔን ወደ ጎን ወስደው “አደጋው የደረሰው በመሬቱ ቸልተኝነት ነው ብለህ ጻፍ” አሉኝ። ጻፍኩ።

ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ባንዲራ ይዞ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ለጨዋታው ወደ ከተማ ወረደ። የኮሚቴውን ማኅተም የሚጠብቅ ሰው ስላስፈለገ እኔ ቀረሁ። ከቀትር በኋላ ሊሲያቴ በክራንች እያነከሰ፣ ከአክስቱ ጋር ወደ መቃብሩ ሲሄድ አየሁና በኃላፊነት ስሜት ተከተልኳቸው።

የአባቱ መቃብር ነጭ አሸዋ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ቢያይ የሁሉም እንደዚያው ራቁቱን ነው።

“አበባ ልኬ አልነበር?” አለ ሊሲያቴ። “ያንን የማይጠወልገውን የፕላስቲክ አበባ፣ ሦስት ካርቶን።”

“ደርሷል። ራሴ ነኝ የደረደርኩት” አሉ እትዬ ሴይኒ። “ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው መጥቶ የየመቃብሩን አበባ ሁሉ በደብዳቤ ተበደረ።”

“ለምን?”

“መንደሩ መግቢያ ላይ ለቆመው ቅስት። ሐሙስ እኮ በሥሩ አልፈሃል፣ እጅህን እያውለበለብህ።”

ሊሲያቴ ወደ እኔ ዞረ። “ደብዳቤውን የጻፈው ማነው?”

“ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይወስንም” አልኩት።

 ሊሲያቴ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ይስቅ ጀመር። እስኪያለቅስ ሳቀ፤ የቱ ላይ ሳቁ አልቆ ልቅሶው እንደጀመረ ለመመዝገብ አልቻልኩም። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገ፣ ክራንቹን አነሣ፣ “አክስቴ፣ ቅርጫት አለዎት?” አለ።

ቡድናችን ያለ ሊሲያቴ በሁለት ነጥብ አሸንፎ፣ መንደሩ እየዘፈነ ሲመለስ የጠበቀው ባዶ የቀርከሃ ቅስት ነበር። በመካነ መቃብሩ ግን የሙታኑ ሁሉ መቃብር፣ የሹሙ እናትም ጭምር፣ በአበባ ተንቆጥቁጧል። ኮሚቴው እዚያው መንገድ ላይ ለአስቸኳይ ስብሰባ ቆመ።

“ሌባውን አይተሃል?” አሉኝ ሹሙ።

“አይቻለሁ።”

“ምን ይመስላል?”

“ቁመቱ መሰላል ሳያስፈልገው ቅስቱ ጫፍ ይደርሳል። በአንድ እግሩ ያነክሳል። ቅርጫት የሚይዙለት አንዲት አሮጊትም አሉ።”

ሹሙ ወደ እናታቸው መቃብር አሻግረው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ማንነቱ ያልታወቀ ብለህ ጻፍ” አሉኝ።

ፍለጋው እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በማግሥቱ እሑድ ሌባው ቤተ ክርስቲያን መጥቶ፣ በፊተኛው መደብ በሹሙና በእትዬ ሴይኒ መካከል ተቀምጦ፣ ጣሪያው እስኪነቀነቅ ሲዘምር አርፍዷል። ኮሚቴውም በሙሉ ድምፅ አላየነውም ሲል ወስኗል።