ደህና ነኝ ማለት ነውር የሆነበት ሰፈር

ትናንት ምሳ በልቼ ጋደም እንዳልኩ ሰፈራችን ተገልብጦ በሕልሜ መጣ። ያልተገለበጠው ቧንቧችን ብቻ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ደርቋል፣ በሕልሙም በእውኑም።

ሹማምንቱ ቢጫ ጄሪካን ተሸክመው በራችን ላይ ተሰልፈዋል። እኔና ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠን «ነገ ተመለሱ» እንላለን። ደስ ይል ነበር። የሕዝብ ኑሮ መለኪያ ቢሮ ኃላፊው አቶ ድንበሩ ከራባታቸውን ፈትተው «እባካችሁ፣ ምን እንደጎደላችሁ ንገሩን» ብለው ለመኑን።

«ምሳ ላይ ነን» አለቻቸው ጥሩወርቅ።

ወዲያው ሁላችንም አደባባይ ላይ ነበርን። ኑሯችንን የምትለካው የጎረቤታችን የዘርጋው አህያ ሆና አገኘኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስታመላልስልን የኖረች ናት። አሁን መነጽር አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቧንቧዎች በእግራቸው ቆመዋል። «እንዴት ነህ?» ሲባል እውነቱን የተናገረ ሰው ቧንቧ ይዞ ይሄዳል። «ደህና ነኝ» ያለ እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

ዘርጋው ቀረበ።

«እንዴት ነህ?» አለችው አህያዋ።

«ወገቤን ያመኛል። ልጄ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣለች። አንቺንም በጣም አለፋሁሽ።»

«ጨዋ ነህ» አለችው። አንዱ ቧንቧ ተነሥቶ ተከተለው።

ተራዬ ደረሰ። ጥሩወርቅ ባልዲ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ስለ ውሃው ልናገር አፌን ስከፍት «ተመስገን ነው፣ እናንተስ ሰላም ናችሁ?» የሚል ወጣ። ሕዝቡ «ኧረ ነውር ነው!» አለ። ቧንቧው ፊቱን አዞረብኝ። እፍረት ገደለኝ።

«ቆይ! ውሸቴን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ደህና አይደለሁም! ውሃ ካየን ሰነበትን! ጄሪካን የሚስቴን ትከሻ ጨረሰው!»

ቧንቧው ዞሮ መጣና እግሬ ሥር ተንፎለፎለ። አቶ ድንበሩ እልል አሉ።

በዚህ መሀል ጥሩወርቅ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ቀሰቀሰችኝ። ውሃ እንዳትረጭብኝ ከየት ታምጣ።

«ተነሥ! ኑሯችንን የምታጠናው ሴትዮ ከቢሮው መጥታለች። ቧንቧ የሚዘረጋው ችግሩን ለተናገረ ሰፈር ነው ተብሏል። የምትለውን ታውቃለህ አይደል?»

«እንዴታ! አሁን እኮ ተለማምጄው ነው የተነሣሁት።»

በር ላይ ታብሌት የያዘች ሴት ቆማለች። ፀሐዩ ከንፈሯን አድርቆታል።

«አባባ፣ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተመስገን! ምን ጎድሎብን? ኧረ ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ጥሩወርቅ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ውሃስ ታገኛላችሁ?» አለች ሴትዮዋ።

«ለእንግዳ ውሃ ይጠፋል እንዴ?» አልኩና ከጄሪካኑ ሥር የቀረችውን አንጠፍጥፌ በብርጭቆ ሰጠኋት።

ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። መርቃን ስታበቃ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች።

«ውሃ... አለ» እያለች።