አስቁሞ አሳዩ መሪጌታ

እግዜር ለየመንገዱ አንድ አስቁሞ አሳይ መድቧል። ሰፈርም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ገበያም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ሰው እግሩን አፍጥኖ ሲያልፍ ክንዱን ይዞ «እስቲ ቆም በል፣ ይችን እያት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለቅሶ ደራሹን አስቁሞ ደመና ያሳያል። ሚዜውን አስቁሞ የጉንዳን ሰልፍ ያስቆጥራል። ቅዳሴ ወጥቶ ወደ ምሳው የሚሮጠውን ጾመኛ ይዞ፣ የግራር እሾኽ ለምን ሁለት ሁለት ሆኖ እንደሚበቅል ያስረዳል። የሚያሳየው ነገር ሁልጊዜ እውነት ነው፣ ሁልጊዜም ሸጋ ነው፤ ችግሩ ሰው ሲቸኩል ብቻ ትዝ የሚለው መሆኑ ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ለሚመላለሰው መስመር የደረሱት መሪጌታ ዕንባቆም ናቸው። በትውልዳቸው የወገራ ሰው፣ በሙያቸው በአንድ የጎንደር ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ሰኞ ማለዳ ወደ ከተማ ይወርዳሉ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ይወጣሉ። የሚሳፈሩትም ሁልጊዜ በቢያዝን ሚኒባስ፣ ሁልጊዜም ጋቢና ነው። ቢያዝን አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ መኪና የእሱን ለምን እንደመረጡ ቢጠይቃቸው «ያንተ መስታወት ይጸዳል፣ ሁሉ ይታያል» አሉት። ከዚያ ወዲያ መስታወት ማጠቡን ሊተወው አስቦ ነበር።

ክቡርነታቸው ከተራው አስቁሞ አሳይ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ፍጥረትን ሁሉ በዕድሜ ያውቁታል። እግዚአብሔር ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት ከእሑድ እስከ ዓርብ በየተራ እንደ ፈጠረ፣ ሰው የመጣውም ዓርብ፣ ከሁሉ ኋላ መሆኑን የአገሩ ሕፃን ሁሉ ተምሮታል። ተምሮም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትቶት ይወጣል። መሪጌታ ግን ትምህርቱን ይዘውት ሚኒባስ ገቡ። ታላቅ በሚከበርበት አገር የፍጥረት ሁሉ ታናሽ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የቢያዝን ተሳፋሪዎች የተረዱት ያኔ ነው።

አንድ ሰኞ እንኳየሁ የምትባል የወገራ ሴት ዶሮዋን አቅፋ ተሳፈረች። ከጎኗ የተቀመጠው ባለ ሙሉ ልብስ ሰው ሱሪውን እየጠረገ «ኧረ ይችን ዶሮ ወዲያ አርጉልኝ!» ብሎ ጮኸ። መሪጌታ ከጋቢና ዞር አሉ።

«ጌታው፣ አንተ የተፈጠርኸው መቼ ነው?»

«ማለት?»

«ዓርብ ነው። ክንፍ ያለው ሁሉ ሐሙስ ነው። ታላቅህ ናት፤ ጠጋ በልላት።»

ሰውዬው ጠጋ አለ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቅም። እንኳየሁም ዶሮዋን ገበያ አውጥታ ገዥው ሲያንገራግርባት «ምነው፣ ታላቅህን አክብር እንጂ» ማለት ጀመረች።

ቢያዝን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ሲራገም «አትሳደብ ልጄ፣ መሬት የእሑድ ናት፣ የሁላችን ታላቅ ናት» ይሉታል። የበግ መንጋ መንገድ ሲዘጋበትና ጡሩንባውን ሲያስጮኸው «ባንድ ቀን ብትወለዱም ቀድመውህ ነው የመጡ» ይላሉ። ፀሐይዋ ፊቷን ያቃጠለቻት አንዲት ተማሪ መጋረጃውን ስትስብ ሮብ የተሾመች እንግዳ ደጅ ቆማ እየጠበቀቻት መሆኑን ነገሯት። በልጅቷ ላይ መኪናው ሁሉ ሳቀ፣ መጋረጃውም ተከፈተ።

ይህን ሁሉ ዕውቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያደናቅፍ ተገኘ። ከኋላ ወንበር አንድ ተሳፋሪ «የኔታ፣ የሌሊት ወፍስ? ትበራለች፣ ግን ታጠባለች» አላቸው። መሪጌታ ሁለት ሳምንት ጋቢና ተቀምጠው ትንፍሽ አላሉም፤ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ከረሙ። በሦስተኛው ሰኞ ተሳፈሩና ማንም ሳይጠይቃቸው «እሷን እሱ ያውቃል» አሉ። እንዲህ ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ፣ መልሱን ቢያገኙት ኖሮ የሚታይ አልነበረም።

ማሳየቱ በመስታወት ብቻ ቢያበቃ ባልከፋ። በኅዳር ወር፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ አንድ የአጥር ቁጥቋጦ ላይ ጠል ያንጠለጠለ የሸረሪት ድር አይተው «ልጄ፣ አቁም!» አሉ። ድምፃቸው አደጋ የደረሰ ያስመስል ስለነበር ቢያዝን ፍሬኑን ረገጠ። ወረዱ፣ ሰዉንም አስወረዱ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው፣ ፈተና የሚፈተን፣ ወፍጮ የሚያስጠግን ሁሉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ የሸረሪት ድር ዙሪያ ቆመ።

«ቸኩላችኋል፣ አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «ይችም ቸኩላ ነበር፤ ሌሊቱን ነው የጨረሰችው። ማንም ሳያያት ብንሄድ ነውር ነው።»

ያን ቀን ተራ አስከባሪው ቢያዝንን በዘገየበት ልክ ከሰልፉ ጭራ አቆመው። ሰዉም ተሳደበ። ግን መሪጌታ በቀሩበት ሳምንት እነዚያው ተሳዳቢዎች አንገታቸውን እያሰገጉ መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ ምን መፈለግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ስለሌለ እርስ በርሳቸው «ያ ምንድን ነው?» ይባባላሉ።

ቢያዝን ብቻ አያይም። እሱ መንገዱን ነው የሚያይ፤ ሥራው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መንገዱንም ቢሆን እንደ ባለ ዕዳ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያየው።

አንድ ሰኞ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እንደ ወጡ፣ ጭጋጉ ከገደሉ አፍ ላይ ተገልጦ ተራራው አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመረ። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ወደ ቀኝ…» ከማለታቸው ቢያዝን መሪውን በመዳፉ መታው።

«የኔታ፣ ይተዉኝ! ምንም ማየት አልፈልግም! ሰምተዋል? ምንም!»

መሪጌታ እጃቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ጎንደር መናኸሪያ ደርሰው ሰዉ ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ምነው ልጄ?»

ቢያዝን ከመስታወቱ ወዲያ እያየ ነገራቸው፤ ባለቤቱ ናዝራዊት ከወለደች ዐሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው። በሰባት ወሯ ነው የወለደችው። ሕፃኗ እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ናት።

«ልጅ ወልደህ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ዝም አልህ! ሴት ናት ወንድ?»

«ሴት ናት አሉኝ።»

«አሉኝ?»

ቢያዝን ልጁን ገና አላያትም። በየቀኑ ለናዝራዊት አጥሚቷን፣ ንጹሕ ልብሷን ይዞ እስከ ክፍሉ በር ይሄዳል። በሩ ላይ ሲደርስ ተራዬ ደረሰ ይልና ይመለሳል። ከአራት ዓመት በፊት ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው ነበር፤ ሁለት ቀን ኖረ። በሁለቱ ቀን ቢያዝን ልጁን አይቶ አይቶ አልጠገበም ነበር። አገጩን፣ የግንባሩን እጥፋት፣ ሊያስነጥስ ሲል የሚያሳየውን ፊት ሁሉ ያዘ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ያን አገጭ ከዓይኑ ማውጣት አልቻለም። ፈርቶ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

«ያላዩት አገር አይናፍቅም፣ የኔታ» አለ።

ስለ እሑድና ስለ ሐሙስ ብዙ የሚያውቁት ሰው ዕውቀታቸውን ትተው «ሞተሩን አስነሣ» አሉ። ተራ አስከባሪው ከኋላ እየጮኸ ወጡ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ነርሷ መሪጌታን በሩ ላይ አቆመቻቸው፤ ከወላጅ በቀር አይገባም። እሳቸውም ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና ቢያዝንን ጠሩት።

«ስማ። እኔ ለሰው የምጸልየው በክርስትና ስሙ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ስም የላትም። ስም የሌለው ሰው ደግሞ የሚታሰበው በመልኩ ነው። ግባና መልኳን ንገረኝ።»

እንዲህ ያለ ሥርዓት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። በእናቷ ስም ማሰብ እንደሚቻል የደብሩ ትንሹ ዲያቆን እንኳ ያውቃል። ቢያዝን ግን ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ የቅኔ መምህር ሥርዓት ነው ካለው ሥርዓት ነው። እስከ ዛሬም ያምነዋል፣ የሚነግረው ሰው እንዳይኖር አደራ።

እጁን ታጠበ፣ ገባ፣ ወዲያው ወጣ።

«ትንሽ ናት።»

«ይኼ መልክ ነው? ሰናፍጭም ትንሽ ናት። ጥፍር አላት?»

አላየም። እንደገና እጁን ታጠበ። በዚህኛው ጊዜ ትንሽ ቆየ።

«አላት፣ የኔታ። የእጇን ዐሥሩንም አየሁት። የእግሯ ተሸፍኗል።»

«ሸጋ። ጆሮዋስ?»

ነርሷ «አንተ ሰውዬ፣ ገበያ አረግኸው'ኮ! ወይ ግባ ወይ ውጣ!» አለችው። እጁን ሦስተኛ ጊዜ ታጠበ። ሲወጣ ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ጆሮዋ የእናቴ ነው። የእናቴን ጆሮ ማን ሰጣት? ትከሻዋ ላይ ደግሞ ጠጉር አለ፣ እንደ ኮክ ለስላሳ። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ነው ያየሁት።»

መሪጌታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉና ቁጣ ቢጤ አስመስለው ጠየቁ። «ዓይኗስ? ዋናውን ትተህ ነው የምታወራ?»

«ተኝታለች።»

«እንግዲያው እስክትነቃ ጠብቃት።»

ቢያዝን አራተኛ ጊዜ ታጥቦ ገባ። ናዝራዊት ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በር ላይ የቆመውን ሰው ምን አመጣህ አላለችውም፤ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«ዛሬ ሠላሳ ግራም ጨምራለች» አለች ቀስ ብላ።

ቢያዝን ጎንበስ አለ። ደረቷ ይነሣል፣ ይወርዳል። እሱም ሳያውቀው አብሯት ይተነፍስ ነበር። አገጯን ሊያይ ፈራ፣ ከዚያ አየው። የራሷ አገጭ ነው፤ የማንም አይደለም። እንዲህ ያለ አገጭ ከዚህ በፊት በዓለም ላይ ታይቶ አያውቅም። መሪጌታ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቁት መሆኑን፣ ተራው ማለፉን፣ መኪናውን ያቆመበትን ቦታ ሁሉ ረሳው።

እንዲህ ሆኖ ስንት እንደ ቆየ አያውቅም። ሕፃኗ ፊቷን አጨፍግጋ፣ እጇን ፈታ አደረገችና አዛጋች። መዳፍ የማታህል ፍጥረት እስከ ጉሮሮዋ ድረስ አዛጋች። ቢያዝን ሳቀ፣ ናዝራዊትም እሱን አይታ ሳቀች። በሳቃቸው መሃል ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ጥቁር ነው፣ ውኃ አለው፣ ወዴት እንደሚያይ ገና አልወሰነም። ትንሽ ከተንከራተተ በኋላ መጥቶ እሱ ላይ ቆመ።

ቢያዝን ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብሎ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደ ቀረበ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ቢያዝን እባላለሁ» አላት። «አባትሽ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ዘገየሁብሽ።»