ጨው ነው፣ ስኳር አይደለም

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የቅርብ ወዳጃችሁን የእጅ ጽሑፍ ብታዩት ታውቁታላችሁ? ስልክ ቁጥሩን አላልኩም። ድሮ ከበር ሥር የገባች ብጣሽ ወረቀት ስናገኝ ገና ሳናነባት «ይሄማ የእገሌ ነው» እንል ነበር። ዛሬ ሁላችንም በአውራ ጣታችን ስለምንጽፍ አንዳችን ከሌላችን አንለይም።

ልጄ ሲፈን ግን ይህን የሚለይ ኮምፒውተር አለኝ ትላለች። እዚሁ አዳማ ታስተምራለች፤ አሁን ደግሞ የፊደሉን አጣጣልና የመስመሩን ዘንበል ማለት እየለካ ጸሐፊውን የሚያውቅ ፕሮግራም እየሠራች ነው። ለሙከራ የዘመድ አዝማዱን ጽሑፍ ስትሰበስብ «አባዬ፣ የእማዬንም እፈልጋለሁ» ብላ መጣች።

ባለቤቴ ዓለሚቱ ነርስ ነበረች። ካረፈች ወዲህ ጽሑፏ የቀረኝ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ጣሳዎቹ ላይ በለጠፈችው የቁስል ፕላስተር ላይ። «በርበሬ»። «ሽሮ»። «ጨው ነው፣ ስኳር አይደለም»። ይህኛው በቀጥታ ለእኔ የተጻፈ ነው፤ ለእንግዶች ያፈላሁትን ሻይ ነገር ተዉት። ታዲያ የአዳማ ሙቀት ከወጥ እንፋሎት ጋር አብሮ ቀለም አያስተርፍም። ስለዚህ በደበዘዘ ቁጥር እስክሪብቶ አነሳና ትንፋሼን ውጬ በመስመሯ ላይ እሄድበታለሁ። የ«ሽ» ፊደልን ባርኔጣ ጋደድ ታደርገው ነበር፤ እኔም ጋደድ አደርገዋለሁ። ምን ልበላችሁ፣ በጣም ትናፍቀኛለች።

ይህንኑ ለሲፈን ነገርኳት። «ከእኔ ቀለም ሥር የእሷ የቀረ ነገር ካለ ኮምፒውተርሽ ይለይልኝ» አልኳት፤ መልሱን ግን ፈርቼው ነበር። ጣሳዎቹን በስልኳ አነሳች፤ ለማመሳከሪያም እኔን በባዶ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አስጻፈችኝ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያገኛል ብለን ስንጠብቅ አንድ ብቻ አገኘ። ጣሳውንም ወረቀቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው አለን።

«በቃ፣ አጥፍቻታለሁ ማለት ነው» አልኩ። እንዳይጠፋ ብዬ ስለፋበት የከረምኩት እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

ሲፈን እንደ እናቷ በቀላሉ እጅ አትሰጥም። መደርደሪያው ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አወረደችና የሠርጋችን ቀን ከሽፋኑ ጀርባ የጻፍኩትን በስልኳ አነሳች። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ። ይህኛው የሌላ ሰው ነው አለ።

«ተሳስቷል፤ እሱም የእኔ ነው» አልኳት።

«አልተሳሳተም። ያኔ የጻፍከው በራስህ እጅ ነው» አለችና ዛሬ የጻፍኩትን ገጽ አንስታ ብዙ አየችው። «ይሄ ግን የእማዬ እጅ ነው።»

ውጭ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። ሲፈን ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ገጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«አባዬ» አለች፣ ልጅ ሳለች በምትጠራኝ ድምፅ፤ «እማዬ ምሳ ዕቃዬ ላይ ትጽፍልኝ እንደነበረው አድርገህ ስሜን ጻፍልኝ።»