ካሬውን ካሬ አይደለም ያሉት አያት

በየቤተሰቡ አንድ አራሚ አይጠፋም። «እንደምን አደርክ?» ስትሉት ሰዓቱን አይቶ «ስድስት ሰዓት ካለፈ እኮ እንደምን ዋልክ ነው የሚባለው» የሚላችሁ ሰው። ጨርቅ ያስጥላል። የባሰው ደግሞ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ!

ለአንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ ይህ ሰው የደረሳት በአባት መልክ ነው። ክቡር አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። የሚቀይሱት መሬት ሲያጡ ጊዜ ወደ ልጅ ልጃቸው፣ ወደ እሷ ልጅ ወደ ሚጢ ዞሩ። ሚጢ ገና ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው።

እናት የቅርጽ ማስተማሪያ መጽሐፍ ገዛች። ገጹ ወፍራም ካርቶን፣ እያንዳንዱ ቅርጽ እንደ መስኮት የሚከፈት። ክቡን ሲከፍቱት ውሻ አለ፣ ካሬውን ሲከፍቱት ድመት። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት ደግሞ «ጎበዝ!» ይላል። ሚጢ ውሻውን ስታገኘው በሳቅ ፈረሰች። አያት መነጽራቸውን አደረጉ።

«ቆይ ቆይ፣ በትክክል እንነጋገር። ይሄ ምንድነው?»

«ካሬ ነዋ፣ አባዬ።»

«ማዕዘኑ የታለ?»

እውነትም የካሬው ጠርዝ ለሕፃን ዓይን እንዲለሰልስ ተብሎ ተድቦልቡሏል። ማስመሪያ መጣ። «ቁመቱ ስድስት ሴንቲ ከሦስት ሚሊ፣ ወርዱ ስድስት። ካሬ አይደለም። ለሕፃን ልጅ ይዋሻል እንዴ?»

በማግስቱ እናት ከገበያ ስትመለስ መጽሐፉ ታርሞ ጠበቃት። ክቡር ቀያሽ በየገጹ ነጭ ወረቀት ለጥፈው ቅርጾቹን በኮምፓስና በማስመሪያ አዲስ ስለዋቸዋል፤ የክቡ መሐል ነጥብ እንኳ አልቀረም። ሙጫው መስኮቶቹን ሁሉ ስለዘጋቸው ውሻውም ድመቱም እዚያው ተቀብረው ቀሩ። ባትሪውንም አውጥተውታል።

«ልጅቷ ሳትመልስ ጎበዝ ይላታል፤ ይሄ ማስተማር ነው?»

ከዚያማ ቤቱ መፈተኛ ጣቢያ ሆነ። ሚጢ ኳሷን ይዛ «ክብ!» ስትል፣ «ክብ ጠፍጣፋ ነው፣ የኔ ልጅ። ይሄ ሉል ነው።» እንቁላል አይታ «ክብ!» ስትል፣ «ሞላላ።» ሰዓቱን አይታ «ክብ!» አለች፤ መቼም እዚህ ላይ ምን ሊሉ ነው? ተነስተው ከግድግዳው አውርደው ለኩት። በአንድ ሚሊ ሞላላ ሆኖ ተገኘ።

ወር ሳይሞላ ሚጢ አፏን ለጎመች። ምን ቢያሳዩአት መጀመሪያ የአያቷን ፊት ታያለች፣ ከዚያ ከንፈሯን ትገጥማለች።

«አባዬ፣ የልጄን አፍ ዘጋኸው እኮ!»

«ዝም አይነቅዝም። በደንብ ስታውቅ ትናገራለች።»

የእናት ቆሽት አረረ። ከሥራ የወሰደችው ፈቃድ እሑድ ያልቃል፤ አለቃዋም «ወይ ሰኞ ትገቢያለሽ፣ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብሏታል። ለአያት እንዳትተዋት ጉልበታቸው የሚጢን ሩጫ አይችልም። በሰፈሩ ያለው አንድ የሕፃናት መዋያ፣ አንድ ክፍት ቦታ ነው። እዚያ ደግሞ አንዷ ሞግዚት አሥራ ሁለት ሕፃናት ስለምትይዝ፣ ሲጠይቁት ቢያንስ አንድ ቃል የማይመልስ ልጅ አይቀበሉም።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱም ሄዱ። በር ላይ እናት የአባቷን እጅ ያዘች።

«አባዬ፣ ትንፍሽ እንዳትል። እለምንሃለሁ።»

«እኔ መች እናገራለሁ?» አሉ፣ ተቀይመው።

ዳይሬክተሯ ደልደል ያሉ ሳቂታ ሴት ናቸው። የቅርጽ መጽሐፍ ገለጡ። «ሚጢዬ፣ ይሄ ምንድነው?» ዝም። «ይሄስ?» ሚጢ አያቷን አየች፤ ዝም። ዳይሬክተሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንግዲህ፣ ትንሽ ከፍ ስትል ብታመጪያት ይሻላል።»

እናት ሥራዋ ከእጇ ሲወጣ ታያት። አባቷን አየቻቸው፤ ዓይን ቢገድል ኖሮ እዚያው ይቀበሩ ነበር። ይኼኔ ሚጢ ጣቷን ካሬው ላይ አሳርፋ፣ ከአፏ የማይወጣ በሚመስል ድምፅ «ክብ» አለች።

እናት ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። አለቀልን፣ አለች በሆዷ።

«ልክ ነሽ» አሉ አያት።

ዳይሬክተሯ ግራ ገባቸው። «አባት፣ ይሄ እኮ ካሬ ነው።»

«ክብ ነው!» ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ሠላሳ አራት ዓመት ቀይሻለሁ፤ ክብ ካልኩ ክብ ነው።»

ሚጢ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቁምሳጥኑ ጠቆመች፦ «ክብ!»

«ልክ ነሽ» አሉ፣ ጥርስ እንደሚነቀልባቸው ሰው።

መስኮቱን፦ «ክብ!»

«ልክ ነሽ፣ የኔ እናት።»

ሚጢ ከወንበሩ ዘላ ወረደች፤ በሁለት እጇ የዳይሬክተሯን ሆድ አቅፋ ጮኸች፦ «ክብ! ክብ! ክብ!»

«ልክ ነሽ» አሉ አያት።

ዳይሬክተሯ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አምጪያት» አሏት እናትን፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ውጭ ሲወጡ አያት ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንቡን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጅ ፊት ሦስት ጊዜ ዋሸሁ።»

«አራት ጊዜ ነው፣ አባዬ» አለች ልጃቸው።

«ሦስት ነው። ሴትዮዋ በእርግጥም ክብ ናቸው።»

ልጃቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመቻቸው። «ሰው ያያል፣ ኧረ ልቀቂኝ!» ይላሉ፤ እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።