ጠላ በጠርሙስ

ብርድ አገር ያደገ ሰው አንድ አመል አለው፤ ያከበረውን ነገር ሁሉ እሳት ዳር ያስቀምጣል። እንግዳም፣ አራስም፣ አዲስ የተወለደ ግልገልም ቦታው ምድጃ ሥር ነው። ደግ አመል ነው። ጠላዬን ግን ምን እንዳደረገው ልንገራችሁ።

ሁሉ ነገር በግምገማ በሚያልቅበት በዚያ ዘመን ብርዳሟ ሞላሌ ከተማ የኬሚስትሪ መምህር ነበርኩ። ወይንሸት ደግሞ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ተዋደድን። ታዲያ ምን ቀረ? አባቷ! ጋሼ አስራት እዚያው ግድም ቀየት አጠገብ ገብስ የሚያርሱ፣ በአንድ ቃላቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼን ሁለቴ መለሷቸው። መምህር ማለት ዝውውር ነው፣ ዛሬ ሞላሌ ነገ ዓለም ከተማ፣ ልጄን ለመናኸሪያ አልድርም አሉ አሉኝ። በሦስተኛው እንቢ ካሉ አለቀ። ወይንሸትን ላጣት ነው ብዬ እህል አልወርድልህ አለኝ።

ግን ኬሚስትሪ ለመቼ ነው? አማቾቼን በስጦታ ላለሳልስ ብዬ አከራዬ እትዬ ፈለቀች የጠመቁትን ጠላ ገና ጉሽ ሳለ በሦስት ባዶ የቢራ ጠርሙስ ሞላሁት። እንደ ቢራ አረፋ እንዲያወጣ ስኳር ጣል አደረግሁበት፣ በቡሽ ደፍኜ በሲባጎ ጠፈርኩት። እንዳይበርደው ብዬም የራሴን የበግ ጠጉር ባና አለበስኩት። እትዬ ፈለቀች አይተው፣ አንተ በነጠላ ጠርሙሱ በባና፣ የሚያገባው ማነው አሉኝ። የሞላሌ ብርድ ግን ባና አይፈራም፤ ጠላው ጭጭ አለ። እኔም በሰለ ብዬ ለሽማግሌዎቼ በቅርጫት አስያዝኩ። ለካ እርሾው ተኝቶ ኖሯል!

ወጉ ነውና እኔ ከቤቱ ራቅ ብዬ ቀረሁ። ጋሼ አስራት ቅርጫቱን በክብር ተቀብለው የት ያስቀምጡት? እሳት ዳር ነዋ። የሽማግሌዎቼ አለቃ መምሬ ዘለቀ ልመናቸውን ጨረሱ። ጋሼ አስራት፣ አባቴ ለምን ይደክማሉ፣ መልሴ ያው ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠላው ቀደማቸው። ጧ! ጧ! ጧ! ቡሾቹ ሣር ክዳኑ ላይ ተሰኩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠምቁ የኖሩት መምሬ ዘለቀ ያን ቀን በጠላ ተጠመቁ።

እኔ ከሩቅ ሆኜ ሽማግሌዎቼን ፈጇቸው ብዬ አጥር ሥር ተወሸቅሁ። ጎረቤቱ የተረዳው ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ሽማግሌ ከገባበት ቤት ተኩስ ከተሰማ፣ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። እልልታው ከየደጃፉ ተነሣ፤ አንዱማ ጠመንጃውን አውጥቶ አጸፋውን መለሰ። የወይንሸት እናትም ይህን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ከጓዳ አቀለጡት።

ጋሼ አስራት ሊያስተባብሉ ደጅ ወጡ። አገሩ በሙሉ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የጮኸው ጠርሙስ ነው ቢሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጋሼ ጠርሙስ መባላቸው ነው። አንድ መሣሪያ ወዳድ ጎረቤታቸው ቀረብ ብሎ፣ ድምፁ ግሩም ነው ጋሼ፣ የማን ጠመንጃ ነው አላቸው።

ጋሼ አስራት ዞር ብለው ጠላ የሚያንጠባጥቡትን መምሬን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መለሱ፦

«የአማቼ ነው።»