መሪጌታ ገልብጤ እና የቁስቋሙ አውጫጭኝ

ጎንደር ውስጥ ምንጭ የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ ገልብጦ የሚመልስ ሊቅ የሌለው ሰፈር ግን የለም። ለቁስቋም የደረሷት መሪጌታ ቢያዝን ናቸው። ፊት ለፊት መሪጌታ ቢያዝን፣ ዞር ሲሉ መሪጌታ ገልብጤ። በእኒህ ሊቅ ከማንም በላይ ፍዳዋን የቆጠረችው ደግሞ ጠላ ሻጯ ወለተሩፋኤል ናት፤ ከበሯ አጠገብ ያለችው መደብ የእርሳቸው ነበረችና።

ነገሩ የባሰው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በከተማው ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ከግቢያቸው ቤት ተከራየ፤ «ከሆነ» ያለባት ዓረፍተ ነገር አራት መልክ እንዳላትም አሳያቸው። መሪጌታ እንደ ዜማ አጠኗት፦ ቀጥታዋ፣ ግልብጧ፣ እምቢታዋ፣ የእምቢታዋ ግልብጥ። ከዚያ ወዲያ በቁስቋም «ከሆነ» ብሎ በሰላም የጨረሰ ሰው የለም።

«ዝናብ ከጣለ ደጁ ይጨቀያል» ይላል አንዱ ጠጪ እንደ ዋዛ።

«ሸጋ ብለሃል» ይላሉ መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «ደጁ ከጨቀየ ዝናብ ጥሏል ያልህ እንደሆነ ግን ዋሸህ፤ ወለተሩፋኤል የጋን እጣቢ ደፍታ ይሆናል። ዝናብ ካልጣለ አይጨቀይም ብትልም ያው ነው፤ እጣቢው አለ። ደጁ ካልጨቀየ ዝናብ አልጣለም በለኝ፤ እሷን አምናለሁ። ቀጥታዋና የእምቢታዋ ግልብጥ መንትዮች ናቸው፤ አንዷ ሳትዋሽ ሌላዋ አትዋሽም።»

«መሪጌታ፣ እጣቢዬን ለቀቅ ያድርጉልኝ!» ትላለች ወለተሩፋኤል።

አንድ ጊዜ ለወንድሟ ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። የልጅቷ አባት «ቅኔ ካወቀ እሰጠዋለሁ» ብለው ነበር፤ ልጁ ግን ቅኔ ቀርቶ ዳዊት አልደገመም። መሪጌታ ምን ገዷቸው! «ካወቀ እሰጣለሁ አሉ እንጂ፣ ካላወቀ እነፍጋለሁ መቼ አሉ?» ብለው ሞገቱ። ሽማግሎቹ ውሻ ተለቆባቸው ተመለሱ። ወለተሩፋኤልም «የልጄን ትዳር በምላሳቸው ገደሉት» ብላ ሁለት ሳምንት ጠላ ከለከለቻቸው።

ታዲያ አንድ ዓርብ ጠዋት የአቶ ወልደ ገብርኤል የብር መስቀል ጠፋ፤ የእናታቸው ማስታወሻ ነበር። የሰፈሩ ዳኛ ሕዝቡን ለአውጫጭኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ሰበሰቡት። በአውጫጭኝ ሕግ ሌባው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ለወለተሩፋኤል እንስራ ልታደርስ የመጣችው የወለቃ ሸክላ ሠሪ ማስተዋልም አብራ ተያዘች። ማስተዋል የቤተ እስራኤል ወገን ናት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሯ ካልገባች ከዓርብ ማታ የሚጀምረው ሰንበቷ ሊሻርባት ነው።

«ሌባው አጥሬን ዘሎ ከሆነ እጁ በቀጋው ተቧጭሯል» አሉ አቶ ወልደ ገብርኤል።

ዓይን ሁሉ ወደ ማስተዋል እጅ ዞረ። ከጣቷ እስከ ክርኗ ተቧጭሯል።

«ሸክላ የምተኩስበትን እሾህ ስለቅም ነው፤ በአምላክ!» አለች።

«ይኸው ሌባዋ!» አለ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ሕዝብ። ወለተሩፋኤል «ያሥር ዓመት ወዳጄ ናት፣ እኔ አውቃታለሁ!» ብላ ብትጮህ የሰማት የለም። ዳኛው ሊያሳስሯት እጃቸውን ሲያነሱ ከኋላ አንድ ሳል ተሰማ። ወለተሩፋኤል ያን ሳል ስትሰማ ደስ ያላት በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጌታዬ ዳኛ» አሉ መሪጌታ፣ «የዘለለ ሁሉ ተቧጭሯል፤ ይሁን። የተቧጨረ ሁሉ ግን ዘሏል? እስቲ እጃችሁን አሳዩ!»

ወቅቱ የአጥር ማጠሪያ ነበርና የወንዱ እኩሌታ እጁ ጭረት በጭረት ነው። የአቶ ወልደ ገብርኤል ደግሞ ከሁሉ የባሰ።

«እርስዎም ዘለው ይሆን?»

«ምነው መሪጌታ! ትናንት አጥሬን ሳጥር የወጋኝ ነው እንጂ!»

«ሸጋ። ሰው ዘሎት ቢሆን ያ አዲስ አጥር አይረገጥም ነበር?»

«እንዴታ!»

«ተረግጧል?»

«ኧረ ወፍም አልነካው።»

«እንግዲያስ ከዘለሉት ይረገጣል፤ ካልተረገጠ የዘለለው የለም። ይህችኛዋ አትዋሽም። ዘላይ ከሌለ የሴት ልጅ ጭረት መቁጠር ምን ይረባል? መስቀሉ ከቤት ይፈለግ።»

ዳኛው ሁለት ሰዎች ላኩ። «ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ ግን» አሉ፣ «መሪጌታም አብረው ይታሰራሉ።» ይህችን «ከተመለሱ» መሪጌታ አልገለበጧትም።

ሰዎቹ ዘገዩ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ አንደኛው እያለከለከ መጣ፤ መስቀሉን በክሩ አንጠልጥሎታል። አቶ ወልደ ገብርኤል ከጎታ ገብስ ሲዝቁ ክሩ ከአንገታቸው ተበጥሶ ከእህሉ ገብቶ ኖሯል። ማስተዋል የመሪጌታን ጉልበት ስማ ወደ ወለቃ ሮጠች፤ ብርሃን ሳለ ደረሰች።

ወለተሩፋኤል መሪጌታን ልትሸኛቸው ስትጠጋ ጋቢያቸው በላብ እንደራሰ አየች። ክንዷን ሰጠቻቸው። ዳገቱን እኩል ወጡት።

«ነገ ከመጡ አዲሱን ጋን ለእርስዎ ነው የምከፍተው» አለች።

አንገታቸውን ነቀነቁ ብቻ።

ደነገጠች። «ከመጡ» የምትል ቃል ሳይገለብጡ ሲያልፉ አይታ አታውቅም። ከመንገዱ መሐል ቆመችና እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ኧረ በቁስቋሟ ይዤዎታለሁ፣ መሪጌታ! ይገልብጡት እንጂ!»